የቀኝ ጎን ፍሬቻ

ባለፈው ሳምንት ከባምባሲ ወደ አሶሳ ስመለስ፣ ሚኒባስ ውስጥ አንድ ሰው በድምፄ ብቻ ለየኝ። ልጄ ሐዋ ባምባሲ ነው ያገባችው፤ የልጅ ልጆቼን ጠይቄ፣ ያሸከመችኝን የበቆሎ ዘንቢል እግሬ ሥር ሸጉጬ፣ ከሾፌሩ ጀርባ ተቀምጫለሁ። ሾፌሩ ልጅ እግር ነው። ሰው ሊጭን ወደ ዳር ሲወጣ መብራት አላሳየም፤ አላስቻለኝም። «አንተ ልጅ፣ ፍሬቻ አሳይ እንጂ! ከጎንህ ማን እንዳለ በምን ታውቃለህ?» አልኩት። ተሳፋሪው ሳቀ፤ ሾፌሩም «እሺ ትራፊክ!» ብሎ ቀለደብኝ። ጋቢና የተቀመጠው ሽበታም ሰውዬ ብቻ አልሳቀም። ነጭ ጀለቢያ የለበሰ የበርታ ሰው ነው። ቀስ ብሎ ዞረና አየኝ። «እናት» አለኝ፣ «ይህን ድምፅ አውቃለሁ። አንተ የሾፌር ሰይድ ሚስት ነህ?» እዚህ አገር አማርኛን በኋላ የተማረ ሰው ሴቷንም አንተ ይላል፤ ማንም አይቀየምም። እኔ ግን ፊቴ እስከ ጆሮዬ ጋለ። ሻሼን ወደ አፌ ሳብኩና «አይደለሁም» አልኩት። በሕይወት ያለ ባሌን፣ ቤት ቁጭ ብሎ የሚጠብቀኝን ሰው፣ በጠራራ ፀሐይ ካድኩት። ሰውዬው «አፍወን፣ ይቅርታ» ብሎ ፊቱን ወደ መንገዱ መለሰ። እኔም በመስኮቱ ወደ ውጭ አየሁ፤ ያየሁት ግን የዛሬውን መንገድ አልነበረም።

ያኔ ክልሉ ገና መቋቋሙ ነበር። አሶሳ ትንሽ ከተማ ናት፤ ድንገት የዋና ከተማ ሥራ ተጣለባት። መሥሪያ ቤቶቹ ከቤታቸው በፊት ስም ነበራቸው። አዲስ ቀለም የተቀቡ ታፔላዎች የሚሰቀሉበት ሕንፃ እስኪገኝ የማንጎ ዛፍ ተደግፈው ይከርማሉ። ከአዲስ አበባውም፣ ከጎጃሙም፣ ከወለጋውም ፍራሽ ጠቅልሎ የመጣ ሠራተኛ፣ ቤት ኪራይ ፍለጋ የቀርከሃውን አጥር ሁሉ ያንኳኳ ነበር። የበርታ ሴቶች ያጠቡት ቶብ የሚባል መጠቅለያ ልብስ በየአጥሩ ላይ ተሰጥቶ፣ ብርቱካናማው፣ ሰማያዊው፣ አረንጓዴው ነፋስ ሲነካው መንደሩ ሠርግ ያለበት ይመስላል። ከሱዳን ድንበር፣ ከኩርሙክ፣ ሳሙናው፣ ስኳሩ፣ ሽቶው፣ የባትሪ ድንጋዩ ይመጣል፤ የካሴት ሱቆቹ የሱዳን ዘፈን ከጠዋት እስከ ማታ ይለቃሉ፤ ቃሉን ሳናውቅ ዜማውን እናንጎራጉራለን። እኔም ኮንጎ ጫማ አድርጌ፣ ባለ አበባ ድርያዬን ለብሼ ገበያ ስወርድ አገር ያማረብኝ ይመስለኝ ነበር። ማንጎ በወቅቱ በአንድ ብር የሰው ሸክም ነው፤ የረገፈው መንገድ ላይ ሲፈላ ሽታው ያሰክራል። አሁንም ዝናብ መትቶት የበሰበሰ ማንጎ ሲሸተኝ ያ ዘመን ይመጣብኛል፤ ከዘመኑ ጋር ደግሞ እፍረቱ ይመጣል።

እኔና ሰይድ ከወሎ በሠፈራ የመጣን ነን። መንደራችን በቁጥር ነበር የሚጠራው። እኔ መሠረተ ትምህርት ገብቼ ፊደል ለየሁ፤ ከዚያም ሦስተኛ ክፍል ደርሼ ልጆች በዙብኝና ተውኩት። ሰይድ በሠፈራው እርሻ ላይ ትራክተር መንዳት ለመደ። ክልሉ ሲመጣ ሾፌር ጠፋ፤ እሱን ወሰዱትና የቢሮ ሠራተኛ፣ አንዳንዴም ምጥ የያዛት እናት የሚጭንባት ነጭ ላንድክሩዘር ሰጡት። ከገጠር ወጥተን አሶሳ ገባን። የወር ደመወዝ ማለት ለእኛ ተአምር ነበር። ዝናብ ቢቀር፣ ምስጥ ቢበላው የማይቀር እህል ማለት ነው። ልጆቼን ያስተማርኩት በዚያች መኪና ነው ብል ውሸት አይሆንም።

እኔ መኪና እፈራለሁ። ሰይድ በወጣ ቁጥር እስኪመለስ በር በሩን አያለሁ። ይህን ስለሚያውቅ አንድ እሑድ ግቢያችን አምጥቶ ሲያጥባት ዙሪያዋን እየመራ አሳየኝ። «ይሄ ለፊተኛው ነው» አለ የፊቱን መብራት እየነካ። «ይሄ ደግሞ ለኋለኛው።» ከዚያ ከፊት ጎማው በላይ፣ ፓራፋንጎው ላይ ወደተለጠፈች እንደ ብርቱካን ፍሬ የምታበራ ትንሽ ነገር ወሰደኝ። «ይቺስ?» አልኩት። «ይቺ ለጎን ላለው ናት። ከመኪናው እኩል የቆመ ሰው የፊቱም የኋላውም አይታየውም። እነሱ ያሉትን ደግማ የምትነግረው ይቺ ናት። የራሷ ወሬ የላትም።» ከመኪናው አካል ሁሉ የወደድኳት እሷን ነው። ማንም ያልተነገረ ሰው እንዳይቀር ያሰበ ሰው አለ ማለት ነው ብዬ ደስ አለኝ።

ዓይኑ መታመሙን ያወቅሁትም በእሷ ነው። ጠዋት ጠዋት ሲወጣ ሐዋን ይጠራና «የቀኟ በራች?» ይላታል። ልጅቷ አጎንብሳ አይታ «በርታለች አባ» ትለዋለች። የግራዋን ጠይቆ አያውቅም። ይህን አስተውዬ አንድ ቀን ምሳ ሲበላ ውኃውን በቀኙ አስቀመጥኩለት፤ ፈለገ ፈለገና «ውኃ የለም እንዴ?» አለኝ። «ሰይድ፣ በዚህ በኩል አይታይህም?» ስለው ማኘኩን አቆመ። «ትንሽ ጭጋግ ነው። ለማንም እንዳትተነፍሺ። መሪውን ከነጠቁኝ ወደ ሠፈራው ነው የምንመለሰው።» እኔም አልተነፈስኩም። ባምባሲ ላይ ቀርከሃ ተሸክማ በቀኙ በኩል ስትሄድ የነበረችን ሴት ለጥቂት እንደሳታት፣ የቀርከሃው ጫፍ መኪናውን ሲፍቀው እንደሰማ ነግሮኝ እንኳ አልተነፈስኩም። ዱዓ አደርግ ነበር፤ ለእሱ። ለሴትየዋ አስቤላት አላውቅም።

በዚያው ሰሞን ነው ሬዲዮው የመጣው። ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው ተራራ ላይ ረጅም ብረት ተተከለ፤ ሥሩ ትንሽ ቤትና ከፀሐይ ኃይል የሚሰበስብ ሰሌዳ አለው። የመሥሪያ ቤታችን መኪናዎች ሁሉ ሬዲዮ ገባላቸው፤ በየወረዳውም አንድ አንድ ተቀመጠ። ድሮ ኩርሙክ ለሄደ ሰው መልእክት የሚደርሰው ጭነት መኪና ሲገኝ ነው። አሁን ጋሽ ታደሰ፣ የአሶሳው ሬዲዮ ሠራተኛ፣ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ ኩርሙክን ያነጋግራል። ጋሽ ታደሰ ደግ ሰው ነበር፤ የቢሮው ሥራ ሲያበቃ ለሾፌር ሚስቶች «ኑ፣ ድምፃቸውን ስሙና ግቡ» ይላል። «እንዴት ነው ያን ሁሉ ተራራ የሚያልፈው?» ብዬ ጠይቄዋለሁ። «እዚያ ላይ ያለው ሪፒተር ይባላል፤ ከእኛ ተቀብሎ እንደገና በኃይል ይናገረዋል። ተራራ ለጋረደው ሁሉ የሚያደርሰው እሱ ነው» አለኝ። እኔ የገባኝ በአገሬ ልማድ ነው። ወሎ መልእክት በሰው ስንልክ፣ መልእክተኛው ተቀብሎ ይሄዳል፣ ለተላከለት ሰው ብቻ በጆሮው ይነግራል፤ መንገድ ላይ ለማንም አያወራም፤ ነውር ነው። ተራራው ላይ ያለውንም እንደዚያ ያለ ታማኝ ሰው አድርጌ ነበር የማስበው።

ያን ጠዋት ሰይድ ለኩርሙክ ሲነሳ እኔ ወፍጮ ቤት ነበርኩ። ስመለስ ሐዋ «እማ፣ የቀኟ እንቢ አለች። አባ ቢያንኳኳትም አልበራችም። ግድ የለም ብሎ ሄደ» አለችኝ። ዱቄቱን እንኳ አላወረድኩም። ሰይድ አያይም፤ እስከ ዛሬ ግን ከጎኑ ያለው ሰው ቢያንስ እሱን ያየው ነበር። አሁን ሁለቱም አይተያዩም። ሲመለስ ገበያተኛ በመንገዱ ግራና ቀኝ ይሞላል። ይህ ብቻ ነበር በጭንቅላቴ የሚዞረው። ከሰዓት በኋላ ኩርሙክ ገብቷል ሲባል እየሮጥኩ ጋሽ ታደሰ ዘንድ ደረስኩ።

እሱም ሰይድን አስጠርቶ የሬዲዮውን መናገሪያ እጀታ ሰጠኝ። «ሲጫኑት ይናገራሉ፤ ሲለቁት ይሰማሉ» አለኝ፤ ሁልጊዜም የሚለው ነው። እኔ ግን ከለቀቅሁት ቃሌ መንገድ ላይ የሚወድቅ መሰለኝና በሁለት እጄ ጭምቅ አድርጌ ያዝኩት። «ሰይድ፣ እኔ ነኝ፣ ዘሀራ። እኛ ደህና ነን። የቀኝ ጎኗ ፍሬቻ አትበራም አሉ። ሳታሠራት እንዳትነሳ። የቀኝ ዓይንህ እንደሆነ ጭራሽ አያይም፤ አንተ ካላየሃቸው እነሱ በምን ይዩህ? ባምባሲ ላይ ያቺን ቀርከሃ የተሸከመች ለጥቂት መሳትህን አንተው ነህ የነገርከኝ። ለቢሮ ሰዎች መደበቁን ደብቅ፤ ሰው ግን እንዳትገጭብኝ…» ጋሽ ታደሰ እጁን ያወራጫል። ጮክ በይ ያለኝ መሰለኝና ጮክ አልኩ።

ያን ጊዜ በመስኮቱ ወደ ግቢው አየሁ። ማንጎው ሥር የተቀመጡት ሾፌሮች ካርታቸውን ትተው ወደ እኔ ነው የሚያዩት። በሩ የተከፈተ አንድ ፒክአፕ ቆሟል፤ ከውስጡ የሴት ድምፅ ይወጣል፤ «አያይም» ይላል፤ «ደብቅ» ይላል። የእኔ ድምፅ ነው። ያ የተራራው መልእክተኛ ሰው አልመረጠም፤ ለእያንዳንዱ መኪና፣ ለእያንዳንዱ ወረዳ፣ ለኃላፊው ቢሮ ሳይቀር ደግሞ ተናግሮታል። ከሾፌሮቹ አንዱ፣ ከበደ የሚባል ጨዋ ሰው፣ ብድግ ብሎ «ኧረ ነውር ነው፣ የሰው ገበና!» ብሎ የፒክአፑን ሬዲዮ ዘጋው። እኔ እጀታውን ጥዬ በጓሮ በር ወጣሁ። ጋሽ ታደሰ «እትዬ ዘሀራ! ይቆዩ! ይቆዩ እንጂ!» እያለ ተከተለኝ። ሊቆጣኝ መሰለኝና በቀርከሃው አጥር ቀዳዳ ሾልኬ አመለጥኩት።

ሰይድ በማግስቱ መጣ፤ ነጂ ሆኖ ሳይሆን ተሳፋሪ ሆኖ። መሪውን ሌላ ሰው ይዞታል። ከኩርሙክ የገዛውን ሳሙናና ስኳር መደቡ ላይ አስቀምጦ ተቀመጠ። «እራት ይቅረብ?» አልኩት። «ይቅረብ» አለኝ። እያቀረብኩ ሳለ ዓይኑን ከእኔ አልነቀለም፤ አንድ ነገር እንድል የሚጠብቅ ይመስላል። ይቅርታ እንድለው መስሎኝ ነበር። እኔ ግን ወጥ መጨመር ያዝኩ። በልቶ እጁን ታጠበና ተኛ። ከዚያ ቀን ወዲህ ያን ነገር እሱም አላነሳውም፣ እኔም አላነሳሁትም።

ቢሮው በአንድ በኩል መልካም ሠራ፤ አላባረረውም፤ በር ጠባቂ አደረገው። ሲነዳት የኖረው መኪና ስትመጣ በሩን የሚከፍትላት እሱ ሆነ። ምሳ ይዤለት ስሄድ ከአጥሩ ማዶ ቆሜ ሰው እስኪበተን እጠብቅ ነበር። የከተማው ሰው ስም አወጣልኝ። «ሬዲዮ ዘሀራ» አሉኝ። ገበያ ላይ ቲማቲም ስመርጥ «ዝም በሉ፣ ሬዲዮዋ መጣች፣ ነገ ኩርሙክ እንሰማዋለን» ይላሉ፤ ይስቃሉ። ሐዋን ትምህርት ቤት «የሬዲዮ ልጅ» ብለው አስለቅሰዋታል። ገበያ የምወርድበትን ሰዓት ለወጥኩ፤ ሰው ሲበዛ ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ። ጎረቤቴ አሻ፣ የበርታ ሴት፣ «ዘሀራ፣ አንተ ምን ሰረቅህ? ለምን ትደበቃለህ?» ትለኝ ነበር። የቢሮው ሬዲዮ አጠገብ ተመልሼ አልደረስኩም። ጋሽ ታደሰም ብዙ ሳይቆይ ወደ አገሩ ተዛወረ።

ቆይቶ ቢሮው ለሰይድ የሐኪም ደብዳቤ ጻፈለትና ሩቅ ሆስፒታል ይዤው ሄድኩ። ሐኪሙ «የቀኙ አልፏል። የግራውን ደርሳችሁበታል፤ ይሄን ጠብታ ሳታቋርጡ። ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ሁለቱንም እናድን ነበር» አለን። እኔ መሬት መሬት አየሁ። እስከዚያ ድረስ የማፍረው በመናገሬ ነበር። ከዚያ ወዲያ ደግሞ ሳልናገር የከረምኩበት ጊዜ መጣብኝ። በዚያች መኪና ለምጥ የተጫኑት እናቶች፣ በቀኙ በኩል ያለፉት ሰዎች ሁሉ ይታዩኝ ጀመር። የትኛው እፍረት እንደሚብስ ዛሬም አላውቅም።

አሁን ያ ተራራ ላይ የተተከለው ብረት ብዛቱ ራሱ ጫካ ነው። የልጅ ልጆቼ ስልክ ይዘው ከጾሬ፣ ከኩርሙክ፣ ከፈለጉት ጋር ያወራሉ። ወጣቱ ሬዲዮ ዘሀራን አያውቃትም። ረሱኝ ብዬ ነበር፤ ያ ሰውዬ ጋቢና ሆኖ እስኪዞር ድረስ።

አሶሳ መናኸሪያ ስንደርስ ዘንቢሌን እሱ አወረደልኝ። «እናት» አለ፣ «ተሳስቼ ከሆነ አትቀየም። እኔ ኢብራሂም ነኝ። በዚያ ጊዜ የኩርሙክን ሬዲዮ የምይዘው እኔ ነበርኩ።» ዘንቢሉን ተቀብዬ መሄድ እችል ነበር። ግን ሰው ሸክሜን ይዞልኝ ሁለተኛ መዋሸት አቃተኝ። «እኔ ነኝ» አልኩት። «ያን ቀን አንተም ሰምተሃል ማለት ነው።»

«ወላሂ ሁሉ ሰው ሰማ። የእሱንም መልስ ሰማን።»

«የምን መልስ?»

ኢብራሂም ቀልድ መስሎት ፈገግ አለ፤ ፊቴን አይቶ ግን ፈገግታውን ተወው። «አልሰማህም? እሱ እኮ መለሰልህ። አጠገቤ ቆሞ ነበር፤ እጀታውን ከእጄ ወሰደ። እንዲህ አለ፤ ‹ዘሀራ፣ ሰምቻለሁ። እውነት ነው የተናገርሽው፤ መናገር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። የመኪናውን ቁልፍ ለኢብራሂም እሰጣለሁ፤ ሌላ ሾፌር ይላኩ። አብሽሪ፣ እንዳታፍሪ። ሰማሽኝ?› ዝም። ‹ሰማሽኝ ወይ?› አለ። ዝም። እኔ ‹ተቆጥታለች› አልኩት። እሱ ‹አይ፣ ሰው ፊት ሆና ነው። ቤት ስገባ ትመልስልኛለች› አለ።»

መናኸሪያው መሐል ቆምኩ። ረዳቶች «ባምባሲ! ባምባሲ!» ይጮኻሉ። እኔ በአጥር ስሾልክ፣ ጋሽ ታደሰ እኔን ሊመልስ ሲሮጥ፣ ከበደ ገበናዬን ሊሸፍን ሬዲዮውን ሲዘጋ፣ የሰይድ ድምፅ ያን ተራራ ሁሉ ተሻግሮ መጥቶ ባዶ ክፍል ውስጥ ለባዶ ወንበር ነው የተናገረው። ወረዳ ሁሉ እንዳታፍሪ መባሌን ሰምቷል። እኔ ብቻ ስቀር።

ኢብራሂምን ያመሰገንኩት አይመስለኝም። ቤት ስደርስ ሰይድ በረንዳው ላይ ተቀምጧል፤ የግራውም ዓይን አሁን ደክሟል። ዘንቢሉን አስቀምጬ አጠገቡ ቁጭ አልኩ።

«ሐዋ ደህና ናት?» አለኝ።

«ደህና ናት። ሰይድ፣ ኩርሙክ ላይ ሆነህ የመለስክልኝን ዛሬ ሰማሁ።»

የሚቆጥረው ሙስበሃ እጁ ላይ ቆመ። «የቱን?»

«አብሽሪ ያልከኝን። ያን ቀን እጀታውን ጥዬ ሮጬ ነበር። አልሰማሁህም። ኢብራሂም ነው ዛሬ የነገረኝ።»

«አልሰማሽም?»

«አልሰማሁም።»

«አገር ሁሉ ሲሰማ?»

«አገር ሁሉ ሲሰማ።»

«እኔ እኮ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሰምተሽ መልስ የነፈግሽኝ መስሎኝ ነው። ያን ቀን እራት ስታቀርቢ ስጠብቅሽ ነበር። ከዚያም ጠበቅሁ። በኋላማ ምን ብዬ ልጠይቅሽ።»

ይቅርታ ልለው ፈለግሁ፤ ይህን ሁሉ ዘመን ይቅርታ በልቤ ስለማመድ ነው የኖርኩት። ያ የተለማመድኩት ግን ለሌላ ነገር ነበር፤ ለዚህ አልሆን አለኝ። ፊቴን በሻሼ ሸፈንኩ።

«ብትሰሚኝ ኖሮ ምን ትዪኝ ነበር?» አለኝ።

«እንጃ» አልኩት። «‹በል ቶሎ ና› እልህ ነበር። ‹ና ብቻ፤ አንተ እንዳትነዳ፣ በሌላ ሰው መኪና ና።›»

ሰይድ ወደ እኔ ዞረ። እጄን ፈልጎ አገኘው።

«መጥቼ ነበር እኮ» አለኝ።